«ሃይማኖቴ ተናወጠ» ወይስ «እምነቴ ተናወጠ»?

ጥያቄ፦ ዕብራይስጥ ተምሬ ኦሪትን በራሱ ቋንቋ ማንበብ ከጀመርሁ ወዲህ፣ በተለይም የዘሌዋውያን 23ኛውን ምዕራፍ ከነበዓላቱ ሳነብ፣ ልጅ ሳለሁ ሳልጠይቅ የተቀበልሁት ብዙ ነገር ያጠራጥረኝ ጀመር። ይህንኑ ለንስሐ አባቴ በጻፍሁት ደብዳቤ «ኃይማኖቴ ተናወጠ» ብል፣ አንድ ወዳጄ «የተናወጠው እምነትህ እንጂ ኃይማኖትህ አይደለም» ሲል አረመኝ። ማናችን ልክ ነን? (ከደሴ)

መልስ፦ ወዳጅዎ የያዙት ክፍፍል ዛሬ በየጋዜጣውና በየመድረኩ የሚሰማው ነው፤ ሃይማኖት ማኅበሩና ሥርዓቱ፣ እምነት ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው የልብ ጉዳይ ነው ይላሉ። እኔን ይህ ክፍፍል ከቶ ጥሞኝ አያውቅም፤ ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች ናቸውና።

«እምነት» ከ«አመነ» እንደ ወጣ ማንም ያያል። «ሃይማኖት» ግን ከዚያው ዘር መውጣቱን የሚሸፍነው መንገዱ ነው። ዕብራይስጡ «አመነ» ለማለት «ሄኤሚን» ሲል፣ በመነሻው ያለው «ሄ» የእኛ «አ» «በላ»ን «አበላ» ሲያደርግ የሚሠራውን ሥራ የሚሠራ ባዕድ ፊደል ነው። የዕብራይስጥ ዘመድ በሆነው በአረማይክ ቋንቋ ይኸው ግስ «ሃይሜን» ሆነ፤ የዘሩ «አ» ወደ «የ» ተለወጠ፤ ከግሱም «ሃይማኑታ» የሚል ስም ተወለደ፤ ግእዝም «መልኩታ»ን «መለኮት» እንዳለው ሁሉ ይህንን «ሃይማኖት» ብሎ ተቀበለው። ኦሪት፣ ምጽዋትና ጣዖትም የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። ቃላቱን ሁሉ ከሶርያ የመጡት ተስዓቱ ቅዱሳን አስገቧቸው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን በመሠረቱ «ትእዛዝ» ማለት የሆነው ምጽዋት ለድኃ መስጠትን ማመልከቱ የአይሁድ አነጋገር ነውና፣ እኔ ወደ አይሁዱ ምንጭ አዘነብላለሁ። እርስዎ ከሚያነቧቸው በዓላት የአንዱ ስም ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳየናል። የዕብራይስጡ «ፔሳሕ» በጽርእ (በግሪክ ቋንቋ) በኩል ዞሮ ሲመጣ፣ ጽርእ «ሐ» ስለሌለው፣ «ፋሲካ» ሆኖ በ«ከ» ደረሰን፤ ሐመሩን «ሐ» እንደ ያዘ የቀረውና በግእዝ የምናገኘው «ፍሥሕ» ነው። ከጥያቄው ትንሽ ራቅሁ፤ ቢሆንም «ሃይማኖት» በጽርእ እጅ እንዳላለፈ የሚታወቀው በእንዲህ ያለው ንጽጽር ነው።

ወደ አጠቃቀሙ ልመለስ። «ጸሎተ ሃይማኖት» የምንለው ጸሎት በምን ግስ ይጀምራል? «ነአምን በአሐዱ አምላክ» ብሎ አይደለምን? ርእሱ ሃይማኖት፣ የመጀመሪያ ቃሉ ማመን ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን በእኛው በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞአ እግር ሥር የተማሩት ጻድቅስ ስማቸው «ተክለ ሃይማኖት» አይደለምን? ሃይማኖት ማኅበርና ሥርዓት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስማቸውን «የድርጅት ተክል» ብለን ልንፈታው ነበር።

የዘሩ ጥንተ ትርጉም ጽናት ነው። ከዚሁ ዘር የወጣው «ኤሙና» የሚለው የዕብራይስጥ ስም በኦሪት መጀመሪያ የሚገኘው በዘፀአት 17፥12 ሲሆን፣ በዚያ የተነገረውም ስለ ልብ ሳይሆን ስለ እጅ ነው፤ እስራኤል ከአማሌቅ ጋር ሲዋጋ የሙሴ እጆች ዝለው ነበርና እርሱን በድንጋይ ላይ አስቀምጠው አሮንና ሆር ግራና ቀኝ ሲደግፏቸው፣ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ እጆቹ «ኤሙና» ሆኑ ይላል። በኢሳይያስ 7፥9 ደግሞ «ባታምኑ አትጸኑም» ተብሎ የተተረጎመው በዕብራይስጡ ሁለቱም ግሶች ከአንድ ዘር ናቸው፤ «ታአሚኑ» እና «ቴአሜኑ»። «ባታምኑ አትታመኑም» ቢባል ኖሮ ጨዋታው በአማርኛም በተሰማ ነበር፤ ትርጉሙ ወደ ሌላ እንደሚያጋድል ግን አልክድም። እንግዲህ የጽናት ቃል ከሆነ፣ «ተናወጠ» የሚለው ግስዎ ለሁለቱም ስሞች የሚስማማ፣ በሚገባ የተመረጠ ግስ ነው።

እስከዚህ ድረስ ወዳጅዎን ረትቻለሁ ብል ደስ ባለኝ። ነገር ግን የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ለአብራም «አመነ» ሲል፣ ለጳውሎስ ደግሞ «ሃይማኖትን ጠብቄአለሁ» ብሎ የሚጠበቅ አደራ፣ ከሰውየው ውጭ የቆመ ነገር አድርጎታል። ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ ያለው በራሳችን አገር፣ በወሎ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የመሩት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በሃይማኖት ክርክር ላይ ከፈረደ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲታዘዝ፣ «የቀን ክርስቲያን፣ የሌሊት እስላም» የሚባል ሰው ተፈጠረ። ለዚያ ሰው በአደባባይ የሚጠየቀው ሃይማኖቱ ሌላ፣ በጓዳው የያዘው ኢማን ሌላ ነበር፤ «ኢማን»ም ከዚሁ ከአመነ ዘር የወጣ የዐረብኛ ቃል መሆኑን ልብ ይበሉ። ስለዚህ ክፍፍሉ የጋዜጠኞች ፈጠራ ብቻ ነው ስል የኖርሁት ለእኛ አገር ሰው አይሠራም፤ ዛሬማ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ «ሃይማኖቴ ተናወጠ» ብትል ሰሚው «ልትለውጥ ነው እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል።

ስለዚህ ለንስሐ አባትዎ «እምነቴ ተናወጠ» ብለው ቢጽፉ አሳብዎ ሳይዛባ ይደርሳል። እኔ ግን በራሴ ደብዳቤ «ሃይማኖቴ» ማለቴን አልተውም። የትኛውንም ቢመርጡ «ኃይማኖት» ብለው በብዙኃኑ «ኃ» አይጻፉት፤ ቃሉ ከ«ኃይል» ጋር ዝምድና የለውም። በአረማይክ ያለው ፊደል የእኛ ሀሌታው «ሀ» ነው፤ ሊቃውንቱም የሚጽፉት በዚያው ነው።