የስፌት ክፍልንና ቁም ሳጥንን በትንሽ ወጪ ማደራጀት፦ ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ ያነሳሽው ጉዳይ የብዙዎቻችን ነው። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልብስ እየሰፋሽ ጨርቁ ከመኝታ ቤት አልፎ ሳሎን ገብቷል፣ ቁም ሳጥኑ አልዘጋ ብሏል፣ ክርና ቁልፍ በተፈለገ ሰዓት አይገኝም፣ ለአናጺ የሚከፈል ገንዘብም የለም ብለሻል። በዝርዝር ልመልስልሽ።

ከሁሉ በፊት ሳጥንም ቅርጫትም መደርደሪያም እንዳትገዢ። ብዙ ሰው መያዣውን አስቀድሞ ይገዛና ዕቃውን በግድ ሊያስገባበት ይሞክራል፤ ግማሹ ባዶ፣ ግማሹ ሞልቶ የፈሰሰ የሚሆነው በዚህ ነው። መጀመሪያ ያለሽን ሁሉ አውጥተሽ አልጋው ላይ በየዓይነቱ ለዪ። የደንበኛ ጨርቅ ለብቻው፣ የራስሽ ጨርቅ ለብቻው፣ ገበርና ካንቫስ (ልብሱን ከውስጥ የሚያጠነክረው ጨርቅ) በአንድ ወገን፣ ቁርጥራጭ በሌላ። ከግማሽ ሜትር በላይ የሆነ ቁራጭ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ከዚያ በታች ሆኖ ከመዳፍ የሚበልጠው አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ይግባ፤ ማዳበሪያው ሲሞላ መቀነስ ነው እንጂ ሁለተኛ ማዳበሪያ አይከፈትም። ከመዳፍ የሚያንሰው ለትራስ መሙያ ይሆናል። ይህን ስትጨርሺ ስንት ሜትር ጨርቅ እንዳለሽ በግምት ጻፊ፣ የመደርደሪያው ልክ የሚወጣው ከዚህ ቁጥር ነው።

ለምን ብትዪ፣ ጨርቅ ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። በካሬ ሜትር 150 ግራም የሚመዝን የሸሚዝ ጥጥ፣ ወርዱ 150 ሴ.ሜ. ከሆነ አንዱ ሜትር 225 ግራም ነው። መቶ ሜትሩ ከ22 ኪሎ ያልፋል። ጂንስና የሶፋ ጨርቅ ደግሞ ከዚህ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው።

የመደርደሪያው ልክ እንዲህ ይወጣል። 122 በ244 ሴ.ሜ. የሆነ፣ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሙሉ ችፑድ ወይም ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ብናኝ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ግዢና እዚያው ማሽን ያላቸው ሰዎች እንዲቆርጡልሽ አድርጊ። በረጅሙ 40 ሴ.ሜ. ወርድ ያላቸው ሦስት ጭረቶች ይወጣሉ፤ የቀረችው ሁለት ሴንቲ ሜትር የመጋዙ ነች። ሁለቱን ጭረቶች 180 እና 60 ላይ አስቆርጪ፣ ሦስተኛውን አራት ቦታ በ60። ሁለት ጎንና ስድስት መደርደሪያ አገኘሽ ማለት ነው፣ ከአንድ ሰሌዳ ምንም ሳይባክን። የታችኛውን መደርደሪያ ከወለሉ 10 ሴ.ሜ. ከፍ አድርገሽ፣ የላይኛውን ከጎኖቹ አናት ጋር አስተካክለሽ ብትገጥሚ፣ በመካከል እያንዳንዳቸው 32 ሴ.ሜ. ገደማ የሆኑ አምስት ክፍሎች ይወጣሉ።

የመደርደሪያውን ርዝመት ከ60 ሴ.ሜ. አታሳልፊው። ብዙ ሰው ቦታ አተርፋለሁ ብሎ 90 ያደርገዋል፤ በየሴንቲ ሜትሩ ያለው ጭነት ያው ሆኖ ርዝመቱ ከ60 ወደ 90 ሲያድግ የመጉበጡ መጠን አምስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ችፑድ አንዴ ከጎበጠ ደግሞ አይመለስም። የግድ 90 ካስፈለገሽ መሃሉ ላይ ቋሚ አስገቢበት።

አገጣጠሙ ላይ ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ችፑድ ጠርዙ ላይ ቪስ በቀጥታ ሲገባበት ይሰነጠቃል። በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ አስቀድመሽ ብሺው፣ ልክ ከውፍረቱ መሃል ማለትም ከጠርዙ 9 ሚሊ ሜትር ላይ፤ ከዚያ ኮላ ቀብተሽ 4 በ50 ሚሊ ሜትር የሆነ ቪስ አስገቢ። በየጫፉ ሦስት ቪስ ቢሆን በጠቅላላ 36 ነው። ሁለተኛ፣ ጀርባ የሌለው መደርደሪያ ወደ ጎን እየተንገዳገደ ቪሱን ይነቅላል። ጀርባውን 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ (ስስ የእንጨት ንጣፎች ተጣብቀው የተሠራ ሰሌዳ) ምቺበት፣ ያ ከተወደደ ሁለት የላሜራ ጭረት በመስቀል ቅርጽ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ወለል ሲወለወል ችፑዱ ከታች ውሃ እየጠጣ ያብጣል። የሁለቱን ጎኖች የታች ጫፍ ሁለት ጊዜ ዘይት ቀለም ቀቢው፤ በእጅሽ የቀረ የበር ቀለም ካለ ይበቃዋል።

ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ መደርደሪያው ከላይ በኩል ከግድግዳ ጋር ይታሰር። ይህን እንደ አማራጭ አትቁጠሪው። ልጅ መደርደሪያን እንደ መሰላል ይወጣበታል፣ ጨርቅ የሞላ መደርደሪያ ሲወድቅ ደግሞ አደጋው ከባድ ነው። አንድ ኤል ብረትና ሁለት ቪስ ነው የሚፈልገው።

እዚህ ላይ የግድግዳ ነገር ይመጣል። የኮንዶሚኒየም የውስጥ ግድግዳ አብዛኛው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። ምስማር ልስኑን ብቻ ይዞ ይቆምና ከሳምንታት በኋላ ከነልስኑ ይወድቃል። 8 ሚሊ ሜትር ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ቪሱን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ተጠቀሚ። ድሪሉ ብሎኬት ላይ ሲሆን መዶሻው ጠፍቶ በመዞር ብቻ ይብሳ፣ አለዚያ የብሎኬቱ ቀጭን ገጽ ከውስጥ በኩል ይፈረከስና ፊሸሩ የሚይዘው ያጣል። ኮንክሪት ምሰሶ ላይ ግን መዶሻው ያስፈልጋል። በጣትሽ አንኳኪው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ብሎኬት ነው፣ ድፍን ከሆነ ምሰሶ ነው። የቪሱ ርዝመት የፊሸሩ ርዝመት፣ የምትሰቅዪው ዕቃ ውፍረትና ግማሽ ሴ.ሜ. ተደምሮ ነው፤ ለ40 ሚሊ ሜትር ፊሸርና ለ18 ሚሊ ሜትር ችፑድ 65 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ፊሸሩ እየዞረ ካስቸገረ አስገድደሽ አታጥብቂው፤ ውስጥ ገብቶ እንደ ጃንጥላ የሚከፈተውን ዓይነት ቪስ ግዢ። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በላይና በታች ቀጥታ መስመሩን አትብሺ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ብዙውን ጊዜ በዚያ ነው የሚያልፈው። ከባድ ነገር ሁሉ ወለል ላይ ይቁም፤ ግድግዳ የክር፣ የመቀስ፣ የማስመሪያ ቦታ ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ አደራደር። ጨርቅ ተደራርቦ ሲከመር ከሥር ያለውን ለማውጣት ሁሉንም ማፍረስ ነው። ስለዚህ እንደ መጽሐፍ ይቁም። ከሱቅ ከሚጣል ካርቶን ቁመቱ 28፣ ወርዱ 35 ሴ.ሜ. የሆኑ ሰሌዳዎች ቁረጪ። ወርዱ 150 የሆነውን ጨርቅ ዳርን ከዳር አድርገሽ ለሁለት ስታጥፊው 75 ይሆናል፣ እሱን ለሦስት ስታጥፊው 25። ያንን ረጅም ጭረት በካርቶኑ ዙሪያ ጠቅልዪውና መጨረሻውን በመርፌ ቁልፍ ሳይሆን በልብስ መስጫ መቆንጠጫ ያዢው፤ መርፌ ቁልፍ በእርጥበት ዝጎ ነጠብጣብ ይተዋል። ባለ 90 ወርዱን ሁለት ጊዜ ለሁለት ብታጥፊው 22 ተኩል ይመጣል፣ እሱም ልክ ነው። ሦስት ሜትር ጨርቅ እንዲህ ተጠቅልሎ ሁለት ሴ.ሜ. ያህል ስለሚወፍር አንዱ የ60 ክፍል ከ25 እስከ 30 ቁራጭ ይይዛል፣ ክብደቱም 20 ኪሎ አካባቢ ነው። ስንት ሜትር እንደቀረ በካርቶኑ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፊ፤ በቆረጥሽ ቁጥር አርሚው። ሽፎንና የሚያንሸራትት ጨርቅ ግን በካርቶን ላይ አይረጋም፣ የጣቃ ጨርቅ መሃል ላይ የሚገኘውን የወረቀት ቱቦ ከጨርቅ ሱቅ ለምነሽ በሱ ጠቅልዪው። አብዛኛው ሱቅ ይጥለዋል።

የደንበኛ ጨርቅ ከራስሽ ጋር በፍጹም አይቀላቀል። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ከረጢት፤ ውስጡ ጨርቁ፣ ገበሩ፣ ዚፑ፣ ቁልፉ፣ ልኩ የተጻፈበት ወረቀት፤ ውጪው ላይ ስምና የመረከቢያ ቀን። ከረጢቶቹ በቀን ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ይሰቀሉ፣ የግራው ሁልጊዜ የሚቀድመው ሥራ ነው።

ለክር፣ 60 በ80 የሆነ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ላይ 7 ሴ.ሜ. የሚሆን ምስማር ከጀርባ በኩል አውጥተሽ ምቺ፣ ጫፉን ወደ ላይ ትንሽ አዘንብለሽ፤ ቀጥ ብሎ ከተመታ ክሩ በተነካ ቁጥር ይወድቃል። የሾለውን ጫፍ በሞረድ አደንዝዢው። ለትንንሹ ክር የምስማሮቹ ርቀት 5 ሴ.ሜ.፣ ለኮን ክር 10 ይሁን። ሰሌዳው መስኮት ፊት ለፊት አይሰቀል፣ ፀሐይ ክርን ያደበዝዛል፣ ያደክማልም፤ በማሽን ላይ ያለምክንያት እየተበጠሰ የሚያስቸግር ክር ብዙ ጊዜ ፀሐይ ላይ የከረመ ነው። የቁልፍ መያዣ የማርና የቡና ብርጭቆ ነው፦ ክዳኑን በመደርደሪያው ሆድ ላይ በሁለት ቪስ ያዢውና ብርጭቆውን ከሥር አዙሪበት። በአንድ ቪስ ከተያዘ ክዳኑ አብሮ ይዞራል። ቪሱም ከ15 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ አለዚያ በላይ በኩል ብቅ ይልና ጨርቅ ይቀዳል። መርፌ ለመሰብሰብ ከተበላሸ ስፒከር የሚወጣ ማግኔት ይበቃል።

ቢጫው ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ጥሩ መሳቢያ ይወጣዋል። ቆራሌው ዘንድ ወይም መርካቶ ምናለሽ ተራ ታገኚዋለሽ። በጎኑ አስተኚው፣ እጀታው ወዳንቺ ይዙር፣ የላይኛውን ገጽ ዙሪያውን 3 ሴ.ሜ. ትተሽ በሰጌቶ (በብረት መጋዝ) ቁረጪው፤ የተተወው ጠርዝ ነው እንዳይጣመም የሚይዘው። በጋለ ቢላዋ መቁረጥ ጭሱ ይጎዳል፣ ጠርዙንም ያበላሻል። በብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ፣ በፈላ ውሃና በሳሙና ደጋግመሽ እጠቢው። ሽታው ቢጠፋም ነጭ ጨርቅ እንዳታስገቢበት፣ ዚፕ፣ ላስቲክና መሣሪያ ይግባበት።

በሩ ጀርባ ላይ ያለውን ቦታ ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ አንቺ ደግሞ መስፋት ትችያለሽ። ከአሮጌ ጂንስ ወይም ከጠንካራ ሸራ 60 በ150 መደብ አዘጋጂ። በየረድፉ 15 ሴ.ሜ. የሆኑ አራት ኪሶች ይወጣሉ፤ የኪሱ ጭረት ግን 60 ሳይሆን 80 ይሁንና ለስፌት ከሚተወው ትርፍ ጋር ይቆረጥ፣ እያንዳንዱ ኪስ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ተኩል ሴ.ሜ. ሽንሽን እንዲኖረው። ጠፍጣፋ ሆኖ የተሰፋ ኪስ መቀስ እንኳ አያስገባም። የላዩን ጫፍ 4 ሴ.ሜ. አጥፈሽ ስፊና ቀጭን እንጨት አስገቢበት፤ በበሩ አናት ላይ የሚታጠፍ አንድ ሚሊ ሜትር ላሜራ ይሸከመዋል፣ ከዚያ የወፈረ ከሆነ በሩ አይዘጋም።

ቁም ሳጥኑን በተመለከተ፣ አብዛኛው ቦታ የሚባክነው ከአጭር ልብስ በታች ነው። ሸሚዝና ጃኬት ከነመስቀያው ከ85 እስከ 95 ሴ.ሜ. ነው። የውስጥ ቁመቱ 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በአንዱ ወገን ሁለተኛ ቧንቧ በገመድ ከላይኛው ላይ አንጠልጥዪ፤ ቦታው በእጥፍ ይጨምራል። ያኔ የላይኛው የሁለቱንም ጭነት ስለሚሸከም ፒቪሲ አይሆንም፣ ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች የብረት ቧንቧ ይሁን። ከጀርባው 28 ወይም 30 ሴ.ሜ. ይራቅ፣ አለዚያ መስቀያው በሩን ይገፋል።

የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ ግን መስቀያ ላይ አይክረም። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ በራሱ ክብደት ትከሻው ላይ ይለጠጣል። ጥበቡ ወደ ውስጥ ሆኖ በቱቦ ይጠቅለል፣ በታጠበ አቡጀዲ ይሸፈን። ነጭ ልብስ ችፑድ ወይም ካርቶን ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ጊዜው ሲረዝም መስመር እየሠራ ይበልዛል፣ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ ደግሞ እርጥበቱ ታፍኖ ይሻግታል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቁም ሳጥኑን ከውጪና ከመታጠቢያ ቤት ግድግዳ 5 ሴ.ሜ. አርቂው። በቆርቆሮ የተቀመጠ ከሰል ሽታ ይቀንሳል፣ የረጠበ ግድግዳን ግን አያደርቅም። ብል የሚበላው ሱፍና ሐር ነው፤ በርኖስና ባና ካለሽ ታጥቦ ወይም ፀሐይ ላይ ተራግፎ፣ በደንብ በተሰፋ አቡጀዲ ከረጢት ውስጥ ይግባ። የሕፃን ልብስ ባለበት ሳጥን ውስጥ ናፍታሊን በፍጹም አይቀመጥ፣ ለሕፃናት መርዝ ነው።

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ችፑዱን አስቀድሚ፣ የቀረው ሁሉ ከሚጣል ዕቃ ይወጣል። የቁም ሳጥንሽን የውስጥ ወርድ፣ ጥልቀትና ቁመት፣ የጨርቁን ግምት፣ ቤቱም የኪራይ ከሆነና መብሳት የማይፈቀድ ከሆነ ያንን ጨምረሽ እዚሁ ጻፊልን፤ አቆራረጡን በልክሽ እናወጣልሻለን።