መዝገቡና ሪፖርቱ ሲለያዩ የቱን እንመን?

እህቴ፣ «የወሊድ ክፍሉ መዝገብና ወርሃዊ ሪፖርቱ አይገናኙም፤ ሁሉም ወደ ኮምፒውተር ቢገባ ይስተካከላል ወይ?» ላልሽው፣ ሆስፒታል ውስጥ በጤና መረጃ ክፍል ለዓመታት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርሽ። ኮምፒውተር የመደመር ስህተትን ያስቀራል። ከዚያ በፊት የተበላሸውን ግን ንጹሕ አስመስሎ ያስተላልፈዋል እንጂ አያቃናውም።

ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ ግልበጣው ላይ ነው። የተሰጠው ሕክምና መጀመሪያ በታካሚዋ ካርድ ላይ ይጻፋል፤ ከካርዱ ወደ መዝገብ፣ ከመዝገቡ ወደ ታሊ ሺት (በጭረት እየተቆጠረ ወደሚደመርበት ወረቀት)፣ ከታሊው ወደ ሪፖርት ይሄዳል። በየደረጃው ትንሽ ትንሽ ይንጠባጠባል። ሰው ሲበዛ አዋላጇ መዝገቡን «በኋላ እሞላዋለሁ» ብላ ትተወዋለች፤ ተረኛ ይለወጣል፣ ነገሩም ይረሳል። እኔ በበኩሌ አልወቅሳትም፤ እናት እየደማች ቅጽ የሚሞላ ባለሙያ ነው የሚያስፈራኝ።

ስለዚህ ሁለቱንም ከማመንሽ በፊት ቁጠሪ። አንድ ወር ምረጪና ወሊዶቹን ከመዝገቡ እንደገና ቆጥረሽ፣ ያገኘሽውን ቁጥር፣ ሪፖርት ለተደረገው ቁጥር አካፍይ፣ በ100 አባዢ። ከ90 እስከ 110 በመቶ ከሆነ በአብዛኛው ተቀባይነት አለው። አንቺ 100 ቆጥረሽ ሪፖርቱ 125 ካለ ውጤቱ 80 በመቶ ነው፤ ተጋኗል። ሪፖርቱ 80 ካለ ደግሞ 125 በመቶ ይመጣል፤ ተጓድሏል። ከዚያ ጥቂት ካርዶች አውጪና መዝገቡ ላይ መኖራቸውን እዪ። መዝገብና ሪፖርት ተስማምተው ሁለቱም ከካርዱ የራቁበት ጊዜ አለና።

ወሊድ ክፍል ላይ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለ። አንዱ ቅጽ የወለዱ እናቶችን፣ ሌላው የተወለዱ ሕፃናትን ይቆጥራል፤ መንታ በተወለደ ቁጥር ሁለቱ ይለያያሉ፣ ይህም ስህተት አይደለም። ሞቶ የተወለደና ከተወለደ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሞተ ሕፃን ሲቀያየሩ ግን ስህተት ነው፣ ያውም ከባድ። ክብደት የሚጻፍበትን ዓምድም ተመልከቺ። ቁጥሮቹ ሁሉ 2500፣ 3000፣ 3500 እያሉ የሚደረደሩ ከሆነ ሚዛኑ ሳይሆን ዓይን ነው የመዘነው። ዝቅተኛ ክብደት የሚባለው ከ2500 ግራም በታች ስለሆነ፣ 2450 የመዘነች ሕፃን «2500» ተብላ ስትጻፍ ልዩ ክትትል የምትፈልገዋ ልጅ ከስታቲስቲክሱ ትጠፋለች።

ባዶ ሣጥንና ዜሮንም አታደባልቂ። ዜሮ ማለት አልተከሰተም፣ ባዶ ማለት አልተጻፈም ነው። ድምሩ ላይ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ ጣጣው እዚያ ይጀምራል።

የሞት መንስኤ ለብቻው ብዙ ያስጽፋል፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። «ልቧ ቆመ» መንስኤ አይደለም፣ የሞተ ሰው ሁሉ ልቡ ቆሟል። የዓለም ጤና ድርጅት የሞት ምስክር ወረቀት የሚጠይቀው ሰንሰለቱን ነው፦ ላይኛው መስመር ላይ በቀጥታ የገደላት፣ ከታች ደግሞ የሁሉ መነሻ። ለስታቲስቲክስ የሚፈለገው መነሻው ነው። ከወሊድ በኋላ ደም ፈሷት የሞተች እናት «ልቧ ቆመ» ተብላ ከተመዘገበች፣ ከእናቶች ሞት ቁጥር ትወጣለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባም ቢሆን ሐኪሙ ያልጻፈውን መንስኤ በኮድ ሊመድብ አይችልም።

እኛ ጋ መሻሻል የታየው ሪፖርቱን ከመላክ አልፈን ውጤቱን በየወሩ ለክፍሉ መልሰን ማሳየት ስንጀምር ነው። የጻፉት ነገር ለምን እንደሚውል ያዩ አዋላጆች ራሳቸው መዝገቡን ማረም ጀመሩ። አንቺም ቆጠራውን ከአዋላጇ ጋር ሆነሽ አድርጊው፣ ተደብቀሽ አትቁጠሪ፤ ቁጥጥር ከመሰላት በሚቀጥለው ወር ሪፖርቱ እንዲገጥም መዝገቡን ታስተካክልልሻለች። ከቆጠርሽ በኋላ ልዩነቱ የታየው የትኛው ዓምድ ላይ እንደሆነ ጻፊልን፣ እናየዋለን።