ግማሽ በግማሽ የተባለው የሕክምና ወጪ

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆቴል በረዳት ምግብ አዘጋጅነት የምሠራ ሲሆን የወር ደመወዜ 4,500 ብር ነው። ከጥር 10 ጀምሮ ቀኝ እጄ ላይ በደረሰ ቃጠሎ ስታከም ቆይቼ 30,000 ብር ወጪ ሆኗል። ሆቴሉ ክፍያውን ፈጽሞ «በሥራ ደንባችን መሠረት ግማሹ የሠራተኛው ድርሻ ነው» በማለት ከየካቲት ወር ጀምሮ በየወሩ 2,000 ብር ከደመወዜ ይቆርጣል። የስምምነት ወረቀትም ፈርሜያለሁ። ጥንቃቄ የጎደለኝ እኔ ስለሆንሁ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ነገር ግን አሠሪና ሠራተኛ የሕክምና ወጪን እኩል እንዲካፈሉ የሚያዝ ሕግ አለ? ለጡረታ የሚቆረጥብኝ 7 በመቶስ ሕክምናን አይጨምርም?

መልስ፦ ከጡረታው ልጀምር። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ከእርስዎ የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ለጡረታ ፈንድ የሚገባ ነው፤ የሕክምና ደረሰኝ አይከፈልበትም። እኩል የመካፈል ሐሳብ የሚገኘው በማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ማስፈጸሚያ በወጣው ደንብ ቁጥር 271/2005 ሲሆን፣ በዚያ የታሰበው አሠሪውና ሠራተኛው የደመወዝን 3 በመቶ እያንዳንዳቸው እንዲያዋጡ ነው። ይህ አፈጻጸሙ በተደጋጋሚ ሲራዘም የቆየ የመድን መዋጮ እንጂ የአንድ ታካሚ ደረሰኝ ለሁለት የሚከፈልበት ሥርዓት አይደለም። ከሥራ ጋር ግንኙነት ለሌለው ሕመም ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን የሚያስገድደው የሕመም ፈቃድ እንዲሰጥ እንጂ የሕክምናውን ወጪ እንዲሸፍን አይደለም። ስለሆነም «ግማሽ በግማሽ» የሚል የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት ለተራ ሕመም ሲሆን ሕጋዊ ነው፤ እንዲያውም ብዙ ሠራተኛ ይህን እንኳ አያገኝም።

ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ግን የጎደለ ነገር አገኘሁበት። ቃጠሎው የት እንደደረሰብዎ አልጻፉም። ጥር 10 ከተራ ነው። የጎንደር ሆቴሎች ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት እንግዳ ከተማውን በሚሞላበት ዕለት የወጥ ቤት ሠራተኛ የት እንደሚውል ለመገመት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። በመኖሪያ ቤቱ የተቃጠለ ሰውም «ጥንቃቄ የጎደለኝ እኔ ነኝ» ብሎ ከአሠሪው ጋር ላለመነጋገር ምክንያት አያበጅም። ቅር አይበሉኝና፣ ሊጠይቁኝ የሚገባውን ትተው የማይጠቅምዎትን ጠይቀውኛል። ግምቴ ስህተት ሆኖ ጉዳቱ የደረሰው ከሥራ ውጭ ከሆነ ከላይ የሰጠሁት መልስ ይበቃዎታል፤ ያልሆነውን ሆነ ብለው እንዳያቀርቡም አደራ እላለሁ። ጉዳቱ የደረሰው በሥራ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል።

በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የአጠቃላይና የልዩ ሕክምና፣ የቀዶ ሕክምና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ የአሠሪው ነው፤ ግማሹ ሳይሆን ሙሉው። ኃላፊነቱም የአሠሪው ጥፋት መኖር አለመኖሩን አይጠብቅም። ሠራተኛው ሆነ ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ለምሳሌ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ሥራ ከገባ፣ አሠሪው ሊከራከር ይችላል። በግርግር መካከል የዘይት ድስት ማዘንበል ግን ራስን ሆነ ብሎ መጉዳት አይባልም። ስለዚህ አፍዎን ያስያዘዎት «የእኔ ጥፋት ነው» የሚለው ሐሳብ ምናልባት በሕግ ፊት ምንም ክብደት የሌለው ነው።

ደንበኞች ደጋግመው ሲወድቁበት የማየው ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። ጉዳቱ እንደደረሰ የቅርብ ኃላፊው ይመጣና «ነገር አናብዛ፤ ሕመም ብለን እንያዘው፣ ወጪውንም እንደ ደንባችን እንካፈላለን» ይላል። ሠራተኛው የእንጀራ ነገር ሆኖበት፣ ሕክምናውም ቶሎ እንዲጀመርለት ፈልጎ ይስማማል፤ ካርድ ክፍል ሲጠየቅም «እቤት ነው» ይላል። በዚያች አንዲት ቃል የሕክምናው ግማሽ ወደ እሱ ይዞራል። ጉዳቱ ግን በሕክምናው ብቻ አያበቃም። በሕመም ፈቃድ የሚከፈለው ለመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ሲሆን ለመጨረሻዎቹ 3 ወራት ምንም አይከፈልም። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት መሥራት ላልቻለ ሰው ግን ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ለቀሪዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ክፍያ አለው። እጁ እንደ ቀድሞው የማይታዘዝለት ሆኖ ቢቀር የሚጠይቀው የጉዳት ካሣም «እቤት ነው» ከሚለው መዝገብ ጋር መጋፈጡ አይቀርም። አሠሪው አደጋውን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የማሳወቅ ግዴታ ስላለበት «ሕመም» የሚለው ስም ለማን እንደሚመች ልብ ይበሉ።

የፈረሙት ወረቀት ምን እንደሚል ሳላየው ፈራሽ ነው ልልዎት አልችልም። የአዋጁ አንቀጽ 59 ሠራተኛው በጽሑፍ ከተስማማ ከደመወዝ መቁረጥን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የእርስዎ ሲሶ 1,500 ብር ስለሆነ 2,000 ብር መቁረጥ በየትኛውም መንገድ ትክክል አይደለም። ከዚህም በላይ አንድ የሥራ ውል በሕግ ከተሰጠው ያነሰ ሁኔታ ሊይዝ ስለማይችል፣ አሠሪው ሙሉ በሙሉ ሊከፍለው የሚገባውን ወጪ በፊርማዎ ወደ እርስዎ ማዞሩ ብርቱ ክርክር ያስነሳል። ይህን ክርክር ግን ወረቀቱን በእጁ ይዞ የሚያይ ጠበቃ እንጂ ደብዳቤ አንብቦ የሚመልስ ሰው አይወስነውም።

እስከዚያው ሌላ ምንም ወረቀት አይፈርሙ። የፈረሙትን ስምምነትና የሥራ ደንቡን ኮፒ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከታከሙበት ተቋም የሕክምና ማስረጃና የደረሰኞቹን ቅጂ ያውጡ፤ ካርዱ ላይ «እቤት» ተብሎ ተጽፎ ቢያገኙት እንዲፋቅልዎ አይለምኑ፣ የሰው ምስክር አለ። የጥር 10 የፈረቃ ድልድል ፎቶ፣ በዕለቱ ወጥ ቤት የነበሩ ባልደረቦች ስም፣ ወደ ሕክምና የወሰደዎት ሰው ማንነትና ከየካቲት ወዲህ ያሉት የደመወዝ መክፈያ ወረቀቶች ያስፈልጉዎታል። ለጠበቃ የሚከፍሉት ከሌለዎት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

የደመወዝና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) የሚታገድ መሆኑን አይርሱ፤ በየወሩ የተቆረጠው ገንዘብ ለየብቻው ይቆጠራል። ለሆቴሉ በቃል ማመልከት ይርጋውን አያቆመውም። ከየካቲት ደመወዝዎ የተቆረጠው በነሐሴ መጨረሻ ሊታገድ ስለሚችል፣ ክረምቱም የፍርድ ቤቶች ዕረፍት ስለሚገባበት፣ ሰነዶችዎን ይዘው ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ጠበቃ ያነጋግሩ።