ሥራሽን የሚያይልሽ ማነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ አራት ወሬ ነው፤ ውጤቴም ደህና ነው። ስፈልግ ከርሜ አሁን ሁለት ሥራ በአንድ ሳምንት መጣልኝ። አንደኛው ትንሽ የኦዲት ድርጅት ውስጥ ጀማሪ ኦዲተርነት ነው። ደሞዙ ዝቅ ያለ ነው፤ ሥራ በሚበዛበት ወቅት ማምሸት እንዳለም አልደበቁኝም። ሁለተኛው ስሙ የታወቀ ትልቅ የንግድ ድርጅት ነው፤ የክፍያ ክፍል ውስጥ ሰነድ አሟልቶ ቼክ ማዘጋጀት ነው ሥራው። ደሞዙ ከመጀመሪያው በግማሽ ይበልጣል። ቤተሰቦቼ “ትልቁን ያዢ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል” ይሉኛል። አብረውኝ የተመረቁት ደግሞ “ኦዲት ካልገባሽ አካውንታንት ነኝ እንዳትዪ” ይላሉ። ኤሲሲኤ (ዓለም አቀፉን የአካውንታንትነት የሙያ ፈተና) አሁኑኑ ልጀምር ወይስ ልቆይ የሚለውም አስጨንቆኛል። እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ የቱን ይመርጡ ነበር?

መልስ

እህቴ፣ እኔ ብሆን ኦዲቱን እይዝ ነበር። ግን ጓደኞችሽ በሚሉት ምክንያት አይደለም። ኦዲት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ ዛሬ የትልቅ ድርጅት ፋይናንስ የሚመሩ ሰዎች አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ኦዲት ሠርተው የአንድ ወር ሂሳብ ዝጉ፣ ማለትም የወሩን መዝገብ አስተካክላችሁ ጨርሱ ቢባሉ የሚጨንቃቸውም አሉ። የእኔ ምክንያት አንድ ነው፤ እዚያ ሥራሽን የሚያይልሽ ሰው ይኖራል።

ኦዲት ላይ የምታዘጋጂው ወርኪንግ ፔፐር (ምን መርምረሽ ምን እንዳገኘሽ የምትጽፊበት ሰነድ) ማን እንደሠራው፣ ማን እንዳየው፣ መቼ እንደታየ ይጻፍበታል። ዓለም አቀፉ የኦዲት ስታንዳርድ ቁጥር 230 የሚያዘው ነው እንጂ አለቃሽ ደግ ስለሆነ የሚያደርግልሽ አይደለም። ስለዚህ ጀማሪ ሆነሽ የሠራሽው ሥራ ሪቪው ኖት (ያየው ሰው ጥያቄና አስተያየት) ተጽፎበት ይመለስልሻል። ይህን ቁጥር ከየት አመጣሽው? ደረሰኙን በዓይንሽ አይተሻል ወይስ ነግረውሽ ነው? ናሙናውን ለምን ከእነዚህ ወራት ብቻ ወሰድሽ? መጀመሪያ ሰሞን ያስለቅሳል፣ አልዋሽሽም። ስድስት ወር ያህል ስትቆዪ ግን ጥያቄውን አለቃሽ ሳይጠይቅሽ ራስሽን ትጠይቂያለሽ።

ደግሞ ወንበር ላይ ብቻ አትቀመጪም። ዕቃ ቆጠራ ላይ መጋዘን ይወስዱሻል። ዝርዝሩን ይዘሽ መደርደሪያው ላይ ያለውን ትፈልጊያለሽ፤ ከዚያ ትገለብጪውና መደርደሪያው ላይ ያየሽውን ዝርዝሩ ውስጥ ትፈልጊያለሽ። የመጀመሪያው የሌለ ዕቃ እንዳለ ተደርጎ ተጽፎ እንደሆነ ያሳይሻል፣ ሁለተኛው ደግሞ እያለ የተረሳውን። ክፍል ውስጥ በቃልሽ የያዝሽው ነገር አቧራ ውስጥ ቆመሽ ስትሠሪው ሌላ ነው።

እኔ የጀመርኩት በተቃራኒው ስለነበር ነው ይህን ያህል የምወተውትሽ። የመጀመሪያ ሥራዬ ለጀማሪ ጥሩ የሚባል ደሞዝ ነበረው። ዓመት ከስድስት ወር የክፍያ ቫውቸር (ለእያንዳንዱ ክፍያ የሚሞላ ቅጽ) ሞላሁ። ደረሰኝ ይመጣል፣ ቫውቸር እሞላለሁ፣ አያይዤ አስፈርማለሁ፣ ፋይል አደርጋለሁ፣ በነጋታውም ያው ነው። ያ ክፍያ ሌጀር (ዋናው የሂሳብ መዝገብ) ላይ የት እንደሚያርፍ፣ ወር ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አንድም ቀን አላየሁም። ስጠይቅ “እሱ የዋናው ሂሳብ ክፍል ሥራ ነው” ተባልኩ፤ እኔም ዝም አልኩ። ጥፋቱ ዝም ማለቴ ነው። ከዚያ ሌላ ቦታ ኢንተርቪው ስቀርብ የወር መዝጊያ ማስተካከያዎችን ንገረን አሉኝ። የእርጅና ቅናሽ (ንብረት ሲያረጅ ከዋጋው የሚቀነሰው) ብዬ ቆምኩ። የዓመት ተኩል ልምድ አለኝ ብዬ ነበር የገባሁት።

ቀጥሎ የገባሁበት ቦታ ደሞዙ ያንስ ነበር፤ ግን አንዲት ሲኒየር አካውንታንት ነበሩ። በመጀመሪያው ወር የባንክ ማስታረቂያ ሰጡኝ። የባንኩ መግለጫና የእኛ መዝገብ በ180 አልገናኝ አለኝ። ያልተመነዘሩ ቼኮችን አወጣሁ፣ ባንኩ የቆረጠውን የአገልግሎት ክፍያ አወጣሁ፣ ሙሉ ቀን ወረቀት ሳገላብጥ ዋልኩ፣ 180ው ግን ንቅንቅ አላለም። ወደ ማታ መጡና ወረቀቴን አይተው “ለዘጠኝ አካፍለው” አሉኝ። 20 ሆነ፣ ያለ ቀሪ። “እንግዲህ የጎደለ አትፈልግ፣ የተገለበጠ ፈልግ” ብለውኝ ሄዱ። ፈለግኩ። 8,640 የነበረው ቼክ መዝገባችን ላይ 8,460 ተብሎ ሰፍሯል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ለ9 የሚካፈል ልዩነት ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው ማለት አይደለም፣ ግን መጀመሪያ የት እንደምታዪ ይነግርሻል። የመጀመሪያው ቦታ በዓመት ተኩል ያልሰጠኝን እሳቸው ቆመው በደቂቃ ሰጡኝ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ትልቁን ድርጅት ሳትጠይቂ አትጣዪው። የሥራው ስም ክፍያ ክፍል ስለሆነ ብቻ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም። ደውለሽ ወይም ሄደሽ ጠይቂያቸው። ሥራዬን ማን ነው የሚያየው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ክፍል እዛወራለሁ፣ ወር ሲዘጋ እኔ የምነካው ነገር አለ ወይ፣ ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር የነበረው ሰው አሁን የት ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለያት። “አሁን ዋናው ሂሳብ ላይ ነው” ካሉሽ መንገድ አለ ማለት ነው። “አምስት ዓመት እዚሁ ነው የቆየው” ካሉሽ ደግሞ መልሱን አግኝተሻል። ደረሰኝ አንብበው ራሳቸው የሚመዘግቡ ፕሮግራሞች በየቢሮው እየገቡ ባሉበት ጊዜ፣ ሰነድ ከማያያዝ የማያልፍ ሥራ ላይ ረጅም ዓመት መቀመጥ ያሰጋኛል። በየስድስት ወሩ የሚያዛውሩሽና ሂሳብ መዝጋት የሚያሳዩሽ ከሆነ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ እሱን ያዢ።

ኦዲቱንም ቢሆን በጭፍን አትግቢ። አብረሽ የምትወጪው ሲኒየር ማን እንደሆነ፣ አንድ ቡድን ስንት ሰው እንዳለው ጠይቂ። አንቺን ብቻሽን ደንበኛ ቢሮ ልኮ በመጨረሻ ፊርማ ብቻ የሚያኖር ቤት ከሆነ እዚያም የሚያይልሽ የለም፣ ማምሸቱ ብቻ ነው የሚተርፍሽ።

አንድ ነገር ግን የትም ብትገቢ እምቢ በዪ። ገንዘቡን የምትቀበዪው አንቺ፣ የምትመዘግቢው አንቺ፣ ከባንክ ጋር የምታስታርቂውም አንቺ ከሆንሽ አደጋ ላይ ነሽ። ሦስቱ በአንድ እጅ መግባት የለባቸውም። ሌላ ሰው ጉድለት ቢያደርስ እንኳ አንቺ ንጹሕ መሆንሽን የምታሳዪበት ወረቀት አይኖርሽም። “ትንሽ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ነው” ይሉሻል። ትንሽ ከሆነ ባለቤቱ ራሱ የባንኩን መግለጫ በየወሩ ይይ፣ ይፈርምበት።

ስለ ስም ቤተሰቦችሽ የሚሉት ይገባኛል፣ ሲቪ ላይ ያምራል። ግን አርተር አንደርሰን በዓለም ከአምስቱ ትልልቅ የኦዲት ድርጅቶች አንዱ ነበር፤ ኦዲት ያደርገው የነበረው የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ የኤንሮን የሂሳብ ማጭበርበር ሲፈነዳ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ፈረሰ። ብዙዎቹ ሠራተኞች ሌሎች ድርጅቶች ገብተው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ስሙ ቢጠፋም የሚያውቁት ሥራ አብሯቸው ነበር።

ደሞዙን ማሰብ ደግሞ ነውር አይደለም። የኦዲቱ ደሞዝ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት የማይችል ከሆነ፣ ወይም ከአንቺ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ ትልቁን ይዘሽ ግቢ፣ ማንም አይፍረድብሽ። ብቻ ለራስሽ ቀን ቁረጪ። አንድ ዓመት በይ። በዚያ ዓመት ውስጥ ከሥራ ሰዓት ውጭም ቢሆን ቀርበሽ “ወር ስትዘጉ አጠገባችሁ ልቀመጥ” ብለሽ ለምኚ። እኔ አልለመንኩም ነበር።

ወደ ኤሲሲኤ ልምጣ። ፈተናው በጠቅላላው 13 ነው። የአካውንቲንግ ዲግሪ እንደ ዩኒቨርሲቲው እስከ 9 ድረስ ሊያስቀርልሽ ስለሚችል፣ ምንም ሳትከፍዪ በፊት ያንቺ ስንቱን እንደሚያስቀር አጣሪ። አብዛኛው ፈተና በዓመት አራት ጊዜ አለ፣ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር። እኔ የምልሽ ሥራው ላይ ሦስት አራት ወር ቆይተሽ፣ የሥራ ብዛቱ ወቅት መቼ እንደሆነ አይተሽ፣ ከዚያ ራቅ ባለው ጊዜ በአንድ ፈተና ጀምሪ። ሁለት ሦስት በአንዴ ተመዝግበው በማምሸቱ ምክንያት ሁሉንም የወደቁ ልጆች አይቻለሁ፣ ገንዘቡም ተስፋውም ነው የሚባክነው።

ከፈተናው ሌላ የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፤ እሱ ላይ ደግሞ ምን እንደሠራሽ አይቶ የሚፈርምልሽ፣ በሙያው ብቁ የሆነ አካውንታንት ያስፈልግሻል። ስለዚህ ለሁለቱም ድርጅቶች መልስ ከመስጠትሽ በፊት ይህንንም ጨምረሽ ጠይቂ፤ እዚህ ቤት ለዚህ ልምድ ሊፈርምልኝ የሚችል ሰው አለ ወይ? አለ ካሉሽ ማን እንደሆነ ጠይቂ፤ ከተቻለም ከመፈረምሽ በፊት ሰውየውን ወይም ሴትየዋን አግኝተሽ አነጋግሪ።