ለአይሲዩ ነርስ ቅጥር፦ ከማስታወቂያው በፊት ሮስተሩን (የፈረቃ ድልድሉን) ይሥሩት

ሰላም ለቤቱ። የጠያቂያችን ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው፦ አዲስ አበባ ያለ የግል ሆስፒታል ባለ 6 አልጋ የጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) ሊከፍት ነው። ሰው ኃይል በሁለት ወር 9 ነርስ እንዲቀጥር ታዟል። ማስታወቂያ ሲወጣ ሲቪ ይጎርፋል፤ ከተመረጡት ግን ግማሹ ሥራ ሳይጀምር ይቀራል፣ ከጀመሩትም ሦስት ወር ሳይሞላቸው የሚለቁ አሉ። ጥያቄው «የት ብናስተዋውቅ ይሻላል?» የሚል ነው።

ሲቪ እየጎረፈ ከሆነ የማስታወቂያው ቦታ ችግር አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው 9 ከሚለው ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው፦ ለሁለት አልጋ አንድ ነርስ፣ በፈረቃ 3፣ በቀን ሦስት ፈረቃ፣ በድምሩ 9። ስሌቱ ሰው ዕረፍት እንዳለው ይረሳል። አንድ የነርስ ቦታ ቀንና ሌሊት ሲሸፈን በሳምንት 168 ሰዓት ይወስዳል፤ ሦስት ቦታ 504 ሰዓት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት ስለማይበልጥ 9 ነርሶች የሚሸፍኑት 432 ሰዓት ብቻ ነው። የጎደለው 72 ሰዓት ሲከፋፈል ለእያንዳንዳቸው በየሳምንቱ 8 ሰዓት ኦቨርታይም ይደርሳቸዋል። ይህ ሁሉም ጤነኛ ሆነው ሁሉም ሲገቡ ነው። አንዷ ፈቃድ ስትወጣ የቀሩት 8 ነርሶች በነፍስ ወከፍ 15 ሰዓት ይደርስባቸዋል፤ አዋጁ ደግሞ ኦቨርታይምን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ አይፈቅድም። ስለዚህ ገና ሳይከፈት ሮስተሩ ሕግ ጥሷል፤ ሦስት ወር ሳይሞላ የሚለቁትም ወደውም አይደል።

168 ለ48 ሲካፈል 3.5 ነው። የዓመት ፈቃዱን (በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን)፣ በዓላቱን፣ ሕመሙንና ሥልጠናውን ሲጨምሩበት ለአንድ ቦታ 4 ሰው ይዘው ያስሉ። ሦስት ቦታ ካለ 12 ሰው ማለት ነው። ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ መሣሪያ) ላይ ያለ ታካሚ አንድ ነርስ ለብቻው ስለሚፈልግ፣ መሣሪያ ላይ የሚሆኑት በዛ ካሉ 12ም አይበቃም። ሄድ ነርሷን (የክፍሉን ነርሶች ኃላፊ) ከዚህ ቁጥር ውስጥ አያስገቧት። ይህን ስሌት በአንድ ገጽ ሠርተው ለሥራ አስኪያጁ ያቅርቡ፤ «ሰው ይጨመርልን» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ የሰዓት ቁጥር ይሰማል።

ሁለት ወር የተባለውም አይደርስም። ማስታወቂያ 10 ቀን፣ ማጣራትና ፈተና 10 ቀን፣ ኦፈርና ማስረጃ ማረጋገጥ አንድ ሳምንት። ከዚያ የተመረጠችው ነርስ ላለችበት መሥሪያ ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባት፤ ለክሊራንስ (ዕዳና ንብረት የለባትም ለሚል ማረጋገጫ) ሌላ አንድ ሳምንት ይያዙ። በመጨረሻ ቢያንስ 4 ሳምንት ልምምድ። ሲደመር ሦስት ወር ነው። «ነገ ጀምሪ» የሚለው ጥድፊያ ነርሷን ያለ ማስጠንቀቂያ ያስለቅቃታል፤ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ልትጠየቅ ትችላለች፣ ክሊራንሱም ይጓተትባታል። ይህን የምታውቅ ጠንቃቃ ነርስ ኦፈሩን ትተወዋለች።

ግማሹ የሚጠፋው በዚህች አንድ ወር ውስጥ ነው። መልቀቂያ ስታስገባ ያለችበት ቦታ ደመወዝ ይጨምርላታል፣ ከእናንተ ግን ስልክም የለ። ኦፈሩን በሁለት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይስጡ፣ የተጣራውን ደመወዝ ጭምር ጽፈው፤ የሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታና ግብሩ ሲነሣ እጇ ላይ የሚደርሰውን ማለቴ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሄድ ነርሷ ራሷ ትደውልላት፣ የመጀመሪያ ወር ሮስተሯንም ትላክላት። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያልወሰደች ከሆነ የመጀመሪያውን ዶዝ በዚሁ ጊዜ ትጀምር። ከ12ቱ ሌላ 5 ተጠባባቂ ይያዙ፤ ተጠባባቂነታቸውንም ይንገሯቸው።

የዲዩቲ (የተረኛነት) ክፍያ ሌላው የማስለቀቂያ ምክንያት ነው። ብዙ ቦታ ለአዳር ቁርጥ ዋጋ ይከፈላል፤ ነርሶቹ ግን ሕጉን ያውቁታል። ከመደበኛው ሰዓት በላይ ለተሠራው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ለምሳሌ ደመወዙ 15,600 ብር ቢሆን፣ በወር 208 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 75 ብር ይመጣል፤ የሌሊቱ ኦቨርታይም 131.25 ብር። ቁርጡ ዋጋ ከዚህ ካነሰ ወሬው በሁለት ሳምንት ውስጥ ለተጠባባቂዎችዎም ይደርሳል።

ማጣራቱ ላይ የሙያ ፈቃዱን ፎቶ ኮፒ አይመኑ፤ ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ከሰጠው አካል፣ ዲግሪውን ከተቋሙ ሬጅስትራር ያጣሩ። ዋናውን ዲግሪ መያዣ አድርጎ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ግን ይቅርባችሁ። የሚለቅ ሰው አያስቀርም፤ ጎበዞቹ ግን ይህን ሲሰሙ ገና ከበር ይመለሳሉ።

ኢንተርቪው ላይ «ጥንካሬሽና ድክመትሽ ምንድን ነው» የሚለውን ይተዉት፣ መልሱን ሁሉም በቃሉ ይዞታል። በምትኩ 20 ደቂቃ የተግባር ፈተና ይስጡ፤ ነጥቡን ሰው ኃይል ሳይሆን የአይሲዩ ሐኪም ወይም አንስቴዚስት (የማደንዘዣ ባለሙያ) ይስጥ። አንድ ስሌት፦ ታካሚው 60 ኪሎ ነው፣ ዶፓሚን የተባለው መድኃኒት በደቂቃ በኪሎ 5 ማይክሮግራም ታዟል፣ ሲሪንጁ ላይ 200 ሚሊግራም በ50 ሚሊ ሊትር አለ፤ ፓምፑ በሰዓት በስንት ይሂድ? መልሱ 4.5 ሚሊ ሊትር ነው። ቀጥሎ የድንገተኛ ጋሪውን አስረክቧት፦ ላሪንጎስኮፑ (የጉሮሮ ማያው መሣሪያ) ውስጥ ያለቀ ባትሪ ይክተቱና ምላጩን ገጥማ መብራቱን ታየዋለች ወይስ ዕቃውን ቆጥራ ብቻ ትፈርማለች፣ ይመልከቱ። ባትሪውን ያላገኘችው ሁሉ ትውደቅ አልልም፤ አዲስ ተመራቂ ከሆነች ይሠለጥናል። «የ5 ዓመት የአይሲዩ ልምድ» ብላ የጻፈች ከሆነ ግን ልምዱን እንደገና ይጠይቁ።

ሌላው በግልጽ መጠየቅ ያለበት ፓርት ታይም ነው። የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ የግል ደርባ መሥራቷ የተለመደ ነው፤ ብትደብቅ አይፍረዱባት፣ እንዳታባርሯት ብላ ነው። «ብትነግሪን ሮስተሩን እናስማማዋለን» ብለው የሌላውን ቦታ ፈረቃ ይቀበሉ። አለዚያ እዚያ አድራ ጠዋት እናንተ ጋ የምትገባ ነርስ ቬንቲሌተር አጠገብ ትቆማለች።

12ቱን በአንድ ቀን አያስገቡ። ክፍሉ አዲስ ስለሆነ የሚያለማምድ ነባር ሰው የለም፤ መጀመሪያ አይሲዩ የሠሩ 4 ነርሶች ይግቡ፣ የቀሩት ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ። አዲሶቹ በልምምዱ ወር ከሮስተሩ ቁጥር ውጭ ይሁኑ፣ ሌሊትም ብቻቸውን አይመደቡ። የሙከራ ጊዜው በጽሑፍ ይስፈር፣ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት ነው። ግምገማውን በ15ኛው፣ በ30ኛውና በ50ኛው የሥራ ቀን ያድርጉት። በ59ኛው ቀን የሚሞላ ቅጽ ሁልጊዜ «ጥሩ ናት» ነው የሚለው፤ ሄድ ነርሷ በዚያ ሰዓት ሰው ማጣት አትፈልግምና።