መሣሪያዬን ላስመዝግብ ወይስ ዝም ልበል?

ጥያቄ፦ ክቡር ጠበቃ፣ የምኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፤ ለዜግነት የማመለክትበት ጊዜም ደርሷል። በ2021 ለሱቄ ጥበቃ ብዬ ከኋላው ክንድ ላይ የሚታሰር መደገፊያ ያለው፣ አፈሙዙ 10 ኢንች ተኩል የሆነ መሣሪያ ፈቃድ ካለው ሻጭ ገዛሁ። በ2023 «አስመዝግቡ» ሲባል ፈርቼ ዝም አልኩ። በአገራችን መሣሪያ መጀመሪያ ይመዘገባል፣ ቀጥሎ ይገፈፋል ሲባል ነው ያደግኩት። አሁን ደግሞ የምዝገባው ግብር ዜሮ ሆነ ይላሉ። መደገፊያውን አውልቄ ትክክለኛ ሰደፍ ላስገጥምለት አስቤአለሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ወንድሜ ግን «አምጣና እኔ ጋ ይቀመጥ» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ሰደፉን አያስገጥሙ። ገዝተውት ከሆነም ከመሣሪያው ጋር አንድ ቤት ውስጥ አያስቀምጡት። ምክንያቱን ላስረዳዎ።

በአሜሪካ ሕግ የጠመንጃ አፈሙዝ ከ16 ኢንች ካነሰ መሣሪያው «አጭር ጠመንጃ» ይባላል፤ ከ1934 ጀምሮም በፌዴራል መዝገብ ሳይገባ መያዝ ወንጀል ነው። የእርስዎ መሣሪያ የተሸጠልዎ በሽጉጥነት ነው። ሽጉጥ ምንም ያህል ቢያጥር በዚህ ሕግ አይጠየቅም። ትከሻ ላይ የሚያርፍ ሰደፍ የገጠሙለት ዕለት ግን ያው መሣሪያ ያልተመዘገበ አጭር ጠመንጃ ይሆናል። ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስራት ይደርሳል።

ለአሜሪካ ዜጋ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ለእርስዎ ግን አያበቃም፤ እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። ያልተመዘገበ አጭር ጠመንጃ መያዝን የሚከለክለው የግብር ሕጉ አንቀጽ 5861 ነው። የኢሚግሬሽን ሕጉ ደግሞ ይህንኑ አንቀጽ በስም ጠቅሶ ለማስወጣት ከሚያበቁት እጅግ ከባድ ወንጀሎች ተራ አስገብቶታል። በዚህ የተፈረደበት ባለ ግሪን ካርድ ከአገር ይባረራል፤ ዳኛው የልጆቹን እንባና የኖረበትን ዘመን አይቶ ይቅር ሊለው የሚችልበት መንገድ ይዘጋበታል፤ የዜግነት ደጅም ለዘለቄታው ይቆለፍበታል። ሰው ገድሎ ወይም ዘርፎ አይደለም፤ በሁለት ብሎን ምክንያት ነው። እዚህ አገር ሱቅ ከፍተው፣ ግብር ከፍለው፣ ልጅ ያሳደጉ ወገኖቼ ይህን ሳያውቁ መሣሪያ በኢንተርኔት በተሸጠ ዕቃ ሲያስጌጡ ማየት ያስጨንቀኛል።

አሁን ወደ 2023 ልመልስዎ። በዚያ ዓመት የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪው የፌዴራል ቢሮ፣ ኤቲኤፍ፣ የክንድ መደገፊያ ያላቸውን አብዛኞቹን ሽጉጦች እንደ አጭር ጠመንጃ የሚቆጥር ደንብ አወጣ፤ እስከ ግንቦት መጨረሻም ያለ ግብር አስመዝግቡ አለ። በሰኔ 2024 በዚያው በቴክሳስ የተቀመጠ የፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው፤ መንግሥትም በ2025 ይግባኙን ተወ። ስለዚህ በዚያ ቀነ ገደብ አለማስመዝገብዎ ብቻውን ዛሬ ወንጀለኛ አያደርግዎትም። ይህን ፍርሃት ከልብዎ ያውጡ። የተሻረው ግን ደንቡ እንጂ የ1934ቱ ሕግ አይደለም። አንድ መሣሪያ በአሠራሩ ከትከሻ ለመተኮስ የታሰበ ነው ብሎ ዐቃቤ ሕግ ሊከራከር ይችላል። ዜጋ ቢሆኑ ኖሮ በዚህ ክርክር ላይ ዘና እል ነበር፤ በእርስዎ ሁኔታ መደገፊያውን ጨርሶ አውልቀው ከቤት ቢያስወጡት እመርጣለሁ። ያኔ የቀረዎት ሽጉጥ ነው፤ ምዝገባም አያስፈልገውም።

ሰደፉን የግድ እፈልጋለሁ ካሉ መንገዱ ምዝገባ ነው። በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ለአጭር ጠመንጃ ይከፈል የነበረውን 200 ዶላር ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ አድርጎታል። ብዙዎች ይህን «ምዝገባ ቀረ» ብለው ተርጉመውታል፤ አልቀረም። ግብር ከሌለ መዝገቡም ይቅር የሚሉ ክሶች ቀርበዋል፤ ፍርድ ቤት እስኪወስን ግን ግዴታው እንዳለ ነው። ቅደም ተከተሉን አይሳቱ፤ ቅጽ 1ን፣ ማለትም መሣሪያውን ለመለወጥና ለማስመዝገብ ለኤቲኤፍ የሚቀርበውን ማመልከቻ፣ ከጣት አሻራና ከፎቶግራፍ ጋር ያስገባሉ፣ ቅጂው ለአካባቢዎ ሸሪፍ ወይም ለፖሊስ አዛዥ ይደርሳል፣ ፈቃዱ ታትሞ እጅዎ ሲገባ ብቻ ሰደፉ ይገጠማል። ስምዎ፣ ከተማዎና ስቴትዎ በመሣሪያው ብረት ላይ ይቀረጻል።

የገፈፋውን ስጋት አልንቅም፤ አባቶቻችን ያዩትን አይተው ነው የተናገሩት። እዚህ ግን ሕጉ ራሱ አንድ መከላከያ አለው፤ ለማስመዝገብ ያቀረቡት ማስረጃ ካቀረቡበት ጊዜ በፊት ወይም በዚያው ጊዜ ለተፈጸመ ጥፋት በእርስዎ ላይ የወንጀል ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ይህ መከላከያ የማይሸፍነው ሐሰተኛ መልስን ነው።

ስለ ሐሰተኛ መልስ ከተነሳ ጫትን ሳልጠቅስ አላልፍም። ቅጹ የተከለከለ ዕፅ ይጠቀሙ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሲገዙ የፈረሙበት ቅጽ 4473ም ይጠይቅ ነበር። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው መደብ የተመደበ ነው። በየሳምንቱ የሚቅም ሰው «የለም» ብሎ ከፈረመ ለፌዴራል መንግሥት ዋሸ ማለት ነው። ይህ እርስዎን የሚነካ ከሆነ ምንም ቅጽ ሳይሞሉ፣ ለወዳጅም ሳያወሩ በቅድሚያ ከጠበቃ ጋር ለብቻዎ ይነጋገሩ።

የወንድምዎ ሐሳብ ከመልካም ልብ የመጣ ነው፤ ሆኖም ሁለታችሁንም ያጠፋል። በዲሲ ማንኛውም የጦር መሣሪያ በከተማው ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ አጭር ጠመንጃ ደግሞ ጨርሶ አይመዘገብም። በፌዴራል ያስመዘገቡት ቢሆን እንኳ እዚያ አይገባም፤ ወደ ሌላ ስቴት ለማጓጓዝም አስቀድሞ የኤቲኤፍ ፈቃድ ያሻል።

ቤትዎ ሆነው አፈሙዙን ራስዎ ይለኩ። የጥይት ካዝናውን ያውጡ፣ መተኮሻው ክፍል ባዶ መሆኑን በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ፣ ከዚያ ክፍሉን ዘግተው ከጫፉ ቀጭን እንጨት ያስገቡ። እንጨቱ የተዘጋውን ክፍል እስኪነካ የገባበት ርዝመት ሕጉ የሚያውቀው ልክ ነው። ልኩን፣ የግዢ ደረሰኙንና የግሪን ካርድዎን ቅጂ ይዘው የዜግነት ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት የኢሚግሬሽንም የወንጀልም ሕግ የሚያውቅ የቴክሳስ ጠበቃ ያነጋግሩ። መሣሪያውን ግን ይዘውት አይሂዱ፤ ፎቶው ይበቃል።