«ወጣሁ» ብለው ከየት ወጡ?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር በኮምፒውተር የመኪና ውድድር እወዳደራለሁ። ሶፍትዌሩ የራሱ የመጻጻፊያ መስኮት አለው፤ ሁላችንም አማርኛ ተናጋሪዎች ስለሆንን መልእክት የምንለዋወጠው በአማርኛ ነው። ባለፈው ውድድር ጎማ ቀይሬ ከፒት (ጎማ ከሚቀየርበትና ነዳጅ ከሚቀዳበት ስፍራ) ስነሣ «ወጣሁ» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ በሙሉ ፍጥነት ይመጣ የነበረው ተወዳዳሪ ውድድሩን ትቼ የሄድኩ መስሎት ሳይጠነቀቅ መጥቶ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ገጨኝ። ጥፋተኛው ማን ነው በሚል ስንከራከር አመሸን። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የአማርኛው? ማንነቱን ለማላውቀው ተወዳዳሪስ «እለፍ» ልበል ወይስ «ይለፉ»? «ፒት» የሚለውንስ በአማርኛ ምን እንበለው?

መልስ፦ የግጭቱን ፍርድ ለውድድሩ ዳኞች እተወዋለሁ። «ወጣሁ» የሚለውን ቃል ግን ከተከሳሽ ሳጥን ላወጣው አልችልም።

«ወጣ» ብዙ ከተሸከሙ የአማርኛ ግሶች አንዱ ነው። ፀሐይ ይወጣል፣ ዳገት ይወጣል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ስም ይወጣል። ይህን ሁሉ ትተን እርስዎ በሚወዳደሩበት መንገድ ላይ ብቻ ብንፈልገው እንኳ አምስት ቦታ እናገኘዋለን። ጎማ ቀይሮ የተነሣ ከፒት ወጣ፤ ኩርባውን የሳተ ከመንገድ ወጣ፤ ሞተሩ የተቃጠለበት ከውድድሩ ወጣ፤ ኮምፒውተሩን ዘግቶ የሄደ ከሰርቨሩ (ተወዳዳሪዎቹን ከሚያገናኘው ኮምፒውተር) ወጣ፤ ሁሉንም ቀድሞ የጨረሰ ደግሞ አንደኛ ወጣ። ታዲያ በስክሪኑ ጥግ «ወጣሁ» የሚል አንድ ቃል ብቅ ሲል፣ ያነበበው ሰው ማሸነፍዎን ወይም ሣር ላይ መገልበጥዎን ከየት ይወቅ?

የ«ገባ» ነገርም ያው ነው። «ገባሁ» ያለ ተወዳዳሪ ፒት ገብቶ ይሆናል፣ ሰርቨሩ ላይ ገብቶ ይሆናል፣ የመጨረሻውን መስመር አልፎ ሦስተኛ ሆኖ ገብቶም ይሆናል። ሁሌ የሚያስደንቀኝ ነገር አለ፤ «ወጣ» እና «ገባ» የለየላቸው ተቃራኒዎች ሆነው ሳሉ የፍጻሜው መስመር ላይ ሲደርሱ ይታረቃሉ። «አንደኛ ወጣ» እና «አንደኛ ገባ» አንድ ነገር ነው። የአትሌቲክስ ዘገባ የሚከታተል ሰው ሁለቱን በአንድ ዜና ውስጥ ቢያገኛቸው አይደናገርም፤ «አንደኛ» የሚለው ቃል አጠገባቸው ቆሞ ይመሰክርላቸዋል። የእርስዎ «ወጣሁ» ግን ምስክር አልነበረውም።

ችግሩ የቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ከፒት ወጣሁ» ብለው በተገላገሉ ነበር። ነገር ግን ጊዜውም ይንሸራተታል። «ወጣሁ» በሰዋስው መጻሕፍት የኃላፊ ጊዜ ነው፤ ያለቀ ድርጊት ይነግራል ይባላል። ተናጋሪው ግን ላልተጀመረ ነገርም ይጠቀምበታል። ከሌላ ክፍል የተጠራ ሰው «መጣሁ!» ብሎ ሲመልስ ገና ከወንበሩ አልተነሣም። «በሉ ሄድኩ» ያለ እንግዳ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሲጫወት ይቆያል። በስልክ «ደረስኩ» የሚለውን ሰው ደግሞ ስንት ጊዜ ቆመን ጠብቀነዋል! ይህ ውሸት አይደለም። ድርጊቱ እጅግ መቅረቡን፣ ተናጋሪውም መቁረጡን ለማሳየት ቋንቋው የፈቀደው አነጋገር ነው። አድማጩ የሚረዳው ግን በድምፁና በሁኔታው ነው፤ በስክሪን ላይ ደግሞ ድምፅም ሁኔታም የለም።

አንድ ምሽት የእህቴ ልጅ ሲወዳደር ከኋላው ቆሜ እመለከት ነበር። በስክሪኑ ግራ ጥግ «14፦ ገባሁ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ልጁ እግሩን ከነዳጁ ላይ አላነሣም፤ 14 ቁጥር ፒት ውስጥ ያለ መስሎታል። 14 ቁጥር ግን ከኩርባው ማዶ፣ እዚያው መንገዱ ላይ ነበር፤ ወደ ፒቱ መግቢያ ለመታጠፍ ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። ልጁ መሪውን ጠምዝዞ ለጥቂት አመለጠ፤ ጽሑፉም ወዲያው ጠፋ። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ ከ55 ሜትር በላይ ይጓዛል። መልእክቱን ለማንበብ ሁለት ሰከንድ ከወሰደ 111 ሜትር አለፈ ማለት ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ «ገብቶ ነው ወይስ ሊገባ ነው?» እያለ ሰዋስው የሚያመላልስ ሾፌር የለም።

መድኃኒቱ እዚያው ግሱ ላይ ነው። «ልገባ ነው» ካሉ ድርጊቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ «እየገባሁ ነው» ካሉ ተጀምሮ አላለቀም፤ «ገብቻለሁ» ካሉ አልቋል፣ አሁንም እዚያው ነዎት። «እገባለሁ» ግን በዚህ ዙር ይሁን በሚቀጥለው አይለይም፤ «በዚህ ዙር እገባለሁ» ካላሉ በቀር አልመክረውም። በእርስዎ ጉዳይ ትክክለኛው መልእክት «ከፒት ልወጣ ነው» ነበር። «ከፒት ወጥቻለሁ» ስሕተት ባይሆንም ይዘገያል፤ ከኋላ ለሚመጣው ሰው የሚጠቅመው ከመውጣትዎ በፊት ማወቁ ነው። ከመንገድ የሳተም እንዲሁ ነው፤ «ከመንገድ ወጥቻለሁ» ከማለቱ ይልቅ «ልመለስ ነው» ማለቱ ይበልጣል። በእርግጥ ሌሎቹ እስኪያልፉ መጠበቅ ያለበት ራሱ ተመላሹ ነው፤ መልእክቱ ቅድሚያ አያሰጠውም። ውድድሩን ለሚተው ሰው ግን «ወጣ»ን ጨርሶ ይርሱት። የአትሌቲክስ ጋዜጠኞች «አቋረጠ» የሚል የተፈተነ ቃል አላቸው፤ «አቋርጫለሁ» ሲባል ሌላ ትርጉም የሚፈልግ አንባቢ አይኖርም።

ይህን ሁሉ በኩርባ ላይ ማሰብ እንደማይቻል አውቃለሁ። በብዙዎቹ ፕሮግራሞች የመጻጻፊያው መስኮት የሚከፈተው የቁልፍ ሰሌዳውን የ«ቲ» ፊደል በመጫን ነው፤ ያም ማለት አንድ እጅ መሪውን ለቀቀ። ስለዚህ አይሬሲንግና ላይቭ ፎር ስፒድን የመሳሰሉት ሶፍትዌሮች አስቀድሞ የተጻፈ መልእክት በአንድ ቁልፍ እንዲላክ ያደርጋሉ። ቃላቱን የሚመርጡት እንግዲህ መኪናው ቆሞ ሳለ ነው፤ በችኮላ የተጻፈ «ወጣሁ» ሰበብ የለውም። የእርስዎን ድርሻ እዚህ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

መልእክቱን ሲያዘጋጁ ርዝመቱን ይጠንቀቁ። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ ነው) ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የመልእክትን ርዝመት በባይት የሚለካ ፕሮግራም አማርኛውን ቶሎ ይቆርጠዋል፤ የሚቆርጠውም ከመጨረሻው ነው። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ማሰሪያው ያለው መጨረሻ ላይ ነው። ስለ መኪናዎ፣ ስለ ጎማዎና ስለ ኩርባው ሁሉ አትተው ግሱ ቢቀር ምን ተነገረ? «ልወጣ ነው» ከሚለው «ነው» ቢቆረጥ እንኳ የሚቀረው «ልወጣ» ነው፤ ማስጠንቀቂያው ፈቃድ ጥያቄ ሆነ። አጭር ይጻፉ።

አሁን ወደ «እለፍ» እንምጣ። የአማርኛ ትእዛዝ ያለ ጾታ አይሰጥም፤ «እለፍ» ካሉ ወንድ ነው ብለዋል፣ «እለፊ» ካሉ ሴት ነች ብለዋል። በስክሪኑ ላይ የሚያዩት ቁጥርና የተወዳዳሪነት ስም ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ግምት ነው። «ይለፉ» አክብሮቱ ደህና ነው፤ ነገር ግን መልእክቱ ለሁሉም የሚታይ ከሆነ የትኛው ሰው እንደተከበረ አይታወቅም። «እለፉ» ደግሞ ከኋላ ያሉትን አምስት መኪኖች በሙሉ ይጋብዛል። አንዳንዶች «7 ይለፍ» ይላሉ። የዘበኛ አነጋገር ይመስላል እንጂ አልጠላሁትም፤ የሚጠራው መኪናውን ስለሆነ ሰውየውም ሴትየዋም አይከፉም።

እኔ የምመርጠው ግን ሌላ ነው። በአማርኛ የመጀመሪያ መደብ ጾታ የለውም፤ አንቱታም የለበትም። ወንዱም ሴቷም «እኔ» ናቸው። ስለዚህ ሌላው ምን ያድርግ ከማለት እርስዎ ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩት፦ «ግራ እይዛለሁ»። ግራ የያዘ ሰው ቀኙን ለቀቀ ማለት ነውና «እለፍ» የሚለው ትእዛዝ ሳይነገር ተነግሯል። ሁለታችሁም ፊታችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ «የማን ግራ?» የሚል ክርክርም አይነሣም።

እግረ መንገዴን ስለ ፊደል አንድ ነገር ልበል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መዝገብ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ፊደሉን የማያሳዩ የውድድር ፕሮግራሞች አሉ፤ የጻፉት ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ያኔ ሰዉ አማርኛውን በላቲን ይጽፋል። በላቲኑ ግን «ጠ» እና «ተ» አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፊደል ይካፈላሉ። «7 መጣ» እና «7 መታ» አንድ ሆኑ ማለት ነው፤ አንደኛው ማስጠንቀቂያ ነው፣ ሌላኛው ክስ። በላቲን መጻፍ ግድ ከሆነ «ቀርቧል» ይበሉ።

በራሳችን ፊደል ስንጽፍም ከወጥመድ አናመልጥም። «7 ይገጫል» የሚለውን ያንብቡ። ላልቶ ሲነበብ 7 ቁጥር ሌላውን የሚገጭ ነው፤ «ገ» እና «ጫ» ጠብቀው ሲነበቡ ተገጪው ራሱ 7 ነው። በጽሑፍ ልዩነት የላቸውም። «ይመታል» እና «ይገፋል»ም እንዲሁ ናቸው። ለሚጠብቅ ፊደል ከላዩ የሚቀመጥ ምልክት አለ፤ የቋንቋ ሰዎች ይጠቀሙበታል፣ በዩኒኮድም ቦታ ተሰጥቶታል። በውድድር መካከል ፈልጎ የሚያስቀምጠው ሰው ካለ ግን ውድድሩን ትቶ ወደ እኛ ሙያ ይምጣ። በኃላፊ ጊዜ «ገጨ» እና «ተገጨ» በግልጽ ይለያሉ። ከላይ የወቀስኩት ኃላፊ ጊዜ እዚህ ላይ ካሰኝ፤ ግጭት ሲዘግቡ በእርሱ ይጠቀሙ።

«ፒት»ን አትንኩት እላለሁ። ቃሉን እንዳለ ቢተረጉሙት «ጉድጓድ» ይሆናል፤ «ጉድጓድ ገባሁ» ያለ ተወዳዳሪ ደግሞ ጎማ ቀያሪ ሳይሆን ገመድ የያዘ ሰው ነው የሚመጣለት። «ጥገና» የሚሉም አሉ፤ ነዳጅ ቀድቶና ጎማ ቀይሮ በሰከንዶች ውስጥ ለሚነሣ መኪና ቃሉ ከበደው፤ የተበላሸ ያስመስለዋል። «ፒት» ከፒት፣ ወደ ፒት፣ ፒቱ እየተባለ የእኛን መስተዋድድና ምዕላድ ያለ ችግር ተቀብሏል። አጭር ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ስለ «ቻት»ም ብዙ አልከራከርም፤ ነገር ግን እርስዎ ራስዎ በጥያቄዎ ውስጥ «መጻጻፊያ» ብለዋል፤ ቃሉ እርስ በርስ መሆኑን በራሱ ይዟልና ይግፉበት። «የውይይት መስኮት» የሚለው ግን አይጥመኝም። ውይይት አጀንዳ ይፈልጋል፤ «ልወጣ ነው» አጀንዳ አይደለም።

ያልጠየቁኝን አንድ ቃል ልጨምር፤ «ደረበ» ነው። በመንገድ ላይ ስንነዳ «ደርቦ አለፈ» የምንለው ከፊቱ ያለውን መኪና ጎን ለጎን ሆኖ የቀደመውን ነው። በሩጫ ግን «ደረበው» ማለት አንድ ሙሉ ዙር ቀደመው ማለት ነው። በመኪና ውድድር ሁለቱ ነገሮች በየዙሩ ይገናኛሉ፤ ልዩነታቸውም ሰፊ ነው። ለቦታ የሚፋለመዎትን መከላከል መብትዎ ነው፤ አንድ ዙር ቀድሞ ለመጣው ግን ሰማያዊ ባንዲራ ይታይልዎታል፣ መንገድ እንዲለቁም ይጠበቃል። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ልቀድም ነው»፣ ለሁለተኛው «በዙር ልደርብ ነው» ቢባል ይለያል። «ልደርብ ነው» ብቻውን ግን የ«ወጣሁ»ን ዕጣ ያገኘዋል።

ከቁልፎችዎ አንዱን ደግሞ ለ«ይቅርታ» ይተዉለት። «አድርግልኝ» ወይም «አድርጊልኝ» አይጨምሩበት፤ ብቻውን ስም ስለሆነ ወንድ ሴት፣ አንተ አንቱ አይልም። የዚያን ምሽት ክርክር በእርሱ መዝጋት ይቻል ነበር፤ ማን ቀድሞ ይላከው የሚለው ግን የቋንቋ ጥያቄ አይደለም።